ንግሥቲቱ ትቆይ

«ሰው ድንጋይ ይወረውራል፤ እሺ። ሰው በድንጋይ ይፈነካከታል፤ እሱም እሺ። ድንጋይ እንደ ዳቦ እየቆራረሰ ግቢዬን የሚያጨቀይ ግን ዕድሜዬን ሙሉ አላየሁም!»

አከራይዋ ናቸው። አንሶላቸውን በሁለት እጃቸው ወጥረው በሩ ላይ ቆመዋል። ሲሰጣ ነጭ ነበር። አሁን ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነጠብጣብ ሆኖ፣ ሴትዮዋ ነብር ገፈው የመጡ ነው የሚመስሉት።

«ይታጠባል፣ እትዬ» አለ ጠጠር።

«ማን ያጥበዋል?»

«እኔ አጥበዋለሁ።»

«ባለፈው ያጠብከው የትራስ ጨርቅ ዛሬ ወለል እየወለወልኩበት ነው!»

ጠጠር አንሶላውን አየ። እውነት ነዋ። አጠገቡ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ መጋዙ ቆሟል። ሴራሚክ ለመቁረጥ የተሠራ ነው፤ ከሥሩ የውሃ ትሪ አለው፣ መሀሉ ላይ ዳሩ አልማዝ የተለበጠ ዲስክ። ዲስኩ ሲዞር ውሃውን ይጠጣል፣ ድንጋዩን ይበላል፣ ሁለቱን ቀላቅሎ እንደ ወተት ያለ ነገር ይተፋል። ንፋስ ካለ ወተቱ የሚሄደው ወደ አከራይዋ የልብስ ገመድ ነው። ንፋስ ከሌለም ወደዚያው ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

«ቆይ እኔ የማይገባኝ» አሉ አከራይዋ አንሶላውን ትከሻቸው ላይ እየጣሉ፣ «ምንድነው እንዲህ ያስቸኮላችሁ? ሥጋ አይደል፣ አይሸት። ቲማቲም አይደል፣ አይበሰብስ። ድንጋይ እኮ ነው! ዛሬ ባትቆርጠው ነገም ድንጋይ ነው።»

ጠጠር አፉን ከፈተ። ከውስጥ ሚስቱ ሳለች። ጉንፋን የያዘው ሰው ሳል አልነበረም፤ «ተናግረህ ትሞክረኝ» የሚል ሳል ነበር። ጠጠር አፉን ዘጋ።

«እጄ ሥራ ፈትቶ ነው፣ እትዬ።»

«እጅህ ሥራ ከፈታ ቱቦውን ጥረግልኝ፤ ያንተ ጭቃ ደፍኖታል!»

በመጨረሻ ተስማሙ። መጋዙ ከቁርስ በኋላ ይነሳል፣ የአከራይዋ ድራማ በቴሌቪዥን ሲጀምር ይዘጋል። ልብስ የሚያሰጡ ቀን ጭራሽ አይነሳም። ጠጠር «እሺ፣ እሺ» አለ። ከዚያ ገብቶ ሚስቱን አያት። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራለች። መስኮቱ ደፍ ላይ ሁለት ጡጫ የሚያህል ድንጋይ አለ።

«ሄደች?» አለች።

«ሄዱ።»

«ድምጿ ሲያምር። ድራማው ውስጥ መግባት ነበረባት።»

ጠጠር የሚባለው ስሙ አይደለም፤ ጓደኞቹ ናቸው ያወጡለት። ዕድሜውን የጨረሰው ወንዝ ዳር ባለ ጠጠር ማምረቻ ውስጥ ገልባጭ መኪና ሲነዳ ነው። ሚስቱ እዚያው የመኪና ሚዛን ላይ ነበረች። መኪና ሲወጣ ትመዝናለች፣ ትጽፋለች፣ ከሾፌር ጋር ትጨቃጨቃለች። ሁሉም «ሚዛን» ይሏት ነበር። ሥራ ላይ ሳለች ጭነቱን አይታ ብቻ «ይሄ መኪና ከልኩ በላይ ነው» ትላለች፤ ሲመዘን ከልኩ በላይ ነው። ጠጠርን ያገባችውም ሲጭን ልክ የማያልፍ ሾፌር ስለነበረ አይደለም፤ እሱም ያልፍ ነበር፤ ግን ሲያዝ አይከራከርም። ይሄን ወደደችለት።

አንድ ቀን የድንጋይ መፍጫው ክሬሸር ጥርስ መሀል ድንጋይ ተቀርቅሮ ማሽኑ ቆመ። ሠራተኛው በብረት ነቅሎ ሲያወጣው ድንጋዩ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። ከላይ ሲያዩት የተቃጠለ ድንች ነው። ውስጡ ግን ሽንኩርት ሲቆረጥ እንደሚታየው ቀለበት በቀለበት፣ ማር የመሰለ፣ ከዚያ ነጭ፣ ከዚያ እንደገና ማር። ኢንጂነሩ አየት አድርጎ «አጌት ይባላል፤ ብዙም ዋጋ የለውም» ብሎ ጣለው። ሚዛን አነሳችው። ያን ቀን ያለፉት መኪኖች እንዴት እንደተመዘኑ እግዜር ይወቅ፤ እሷ ስታይ የዋለችው ድንጋዩን ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱም ለቀሙ። እሱ ከጭነቱ፣ እሷ ሚዛኑ ላይ ከሚንጠባጠበው። ምልክቱን ለመዱት፤ ቆዳው እንደ ሎሚ ልጣጭ የተበሳሳ፣ ለመጠኑ ከበድ የሚል፣ ፀሐይ ላይ ሲይዙት ዳሩ ብርሃን የሚያሳልፍ። ጥርጣሬ ካለ ይላሳል። እውነቴን ነው፣ ድንጋይ ሲረጥብ ነው ቀለሙን የሚናገረው፤ ውሃ ከሌለ ምራቅ አለ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከሥራ መልስ አቧራ ለብሰው መንገድ ዳር ቆመው ድንጋይ ሲልሱ ያየ ሰው ምን እንዳለ አልነግራችሁም።

ያ ሁሉ ድንጋይ ሦስት ጆንያ ሞልቶ አልጋቸው ሥር ገባ። አንድም አልተከፈተም። «አንድ ቀን መጋዝ እንገዛና እንከፍታቸዋለን» ይባላል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ልጅ ታገባለች፣ መጋዙ ይቀራል። ልጅቷ አግብታ ሩቅ ሄደች። ጡረታ ወጡ። ጆንያው አልጋ ሥር፣ ንግሥቲቱ መስኮት ላይ።

ንግሥቲቱ ያቺ ሁለት ጡጫ የምታህለዋ ናት። ሚዛን ናት ያገኘቻት፣ ከጠጠር ጋር ተጣልተው በተኳረፉበት ሰሞን። ከጭነቱ ላይ አይታት መኪናውን አስቆመችና በኩርፊያዋ መሀል «ያቺን አቀብለኝ» አለችው። ከቀናት ኩርፊያ በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነበር። ጠጠር ድንጋይዋን እስካሁን የሚያከብራት ለዚያ ነው። ፀሐይ ላይ ሲይዟት ዳሯ ብቻ ሳይሆን መሀሏም ይበራል። ውስጧ ምን እንዳለ ሁለቱም ዕድሜ ልካቸውን ሲገምቱ ኖረዋል። ሚዛን ቀይ ናት ትላለች። ጠጠር አላውቅም ይላል።

እንግዲህ የዓይኗ ነገር የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ግራው ሳታውቀው ሄዷል። አንድ ቀን ቀኙን በእጇ ስትጠርግ ዓለም ጠፋባት፤ ያኔ ነው የነቃችው። ሐኪሙ ግላኮማ ነው አለ። ግፊት ነው፣ የዓይን ነርቭ ይገድላል፣ የሄደው አይመለስም፣ ያለውን በጠብታ ለማቆየት እንሞክራለን።

«እስከ መቼ ነው የሚቆየው?» አለች ሚዛን።

«እንደ ሰዉ ነው፣ እናቴ። ዘግይተው ነው የመጡት።»

«ቁርጡን ንገረኝ። እኔ ሚዛን ላይ ነው የሠራሁት፣ ግምት አልወድም።»

ሐኪሙ ወረቀቱን አየ። ቁርጡን የሚያውቅ ሰው ወረቀት አያይም።

ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ ብዙ አልተናገረች። ሊወርዱ ሲሉ ብቻ እንደ ቀልድ አድርጋ፣ «ድንጋዮቹን ሳናያቸው ቀረን ማለት ነው» አለች። «ቀረሁ» አላለችም። ጠጠር ይህን ሰምቶ ከታክሲው ሲወርድ ሂሳብ ሳይከፍል ሄደ፤ ረዳቱ እየሮጠ ተከትሎ ሰደበው።

«ለሰው ትናገርና» አለች ሚዛን ቤት ሲገቡ፣ «ሰፈሩ ‘ምስኪን’ ሲለኝ እሰማና፣ ጠብታውን ያንተ ዓይን ውስጥ ነው የምጨርሰው።»

ስለዚህ ማንም አያውቅም። ግቢ ውስጥ ስትሄድ ግድግዳ እየዳሰሰች ነው። አከራይዋ ቀለሙ ይልቀቅ አይልቀቅ የምታጣራ እየመሰላቸው በነገሩ ከተቀየሟት ቆይተዋል።

ጠጠር ድንጋዮቹን መክፈት የጀመረው በመዶሻ ነበር። የመጀመሪያው ድንጋይ እንደ ጠርሙስ ተፈረካከሰ፤ አንዱ ስንጣሪ ጆሮውን ታክኮ አለፈ። ከዚያ የብረት መቁረጫ ግራይንደር ተበደረ። በደረቁ ነካው። አቧራው ግቢውን ሞላ፣ ድንጋዩ ግሎ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ፣ አከራይዋ «ቤቴ ተቃጠለ!» ብለው ባልዲ ይዘው ወጡ። ጠጠር ለሦስት ቀን ግራጫ አክታ ተፋ።

መፍትሔውን ያመጣው ሴራሚክ የሚያነጥፍ የሰፈር ልጅ ነው። «ሴራሚኩ» ነው የሚሉት።

«ጋሼ፣ ይሄ በደረቁ አይሆንም። ሳንባህን ትጨርሳለህ። ውሃ ያለው መጋዝ አለኝ፣ በሳምንት ላከራይህ። አንድ ነገር ብቻ፤ እንዳትገፋው። ዲስኩ ሲፈልግ ይግባ። ከገፋኸው ይጣመማል፣ ከተጣመመ ትከፍለኛለህ።»

ችግሩ ሴራሚክ ጠፍጣፋ ነው፣ ድንጋይ ድቡልቡል። መጋዙ ላይ ሲያስቀምጡት ይንከባለላል፣ ዲስኩን ይነክሳል። ይሄን የፈታችው ሚዛን ናት። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስመጣችና ድንጋዩን መሀሉ አስቀምጣ ጄሶ አፈሰሰችበት። ጄሶው ሲደርቅ ቆርቆሮውን ይገፍፉታል፤ ድንጋዩ ከላይም ከታችም ለጥ ባለ ነጭ ጄሶ ውስጥ ተቀብሮ ይወጣል። ከወገቡ ላይ ሲቆረጥ ሁለት ክብ ይሆናል። አንዱ ፊቱ የተቆረጠው ድንጋይ፣ ሌላው ፊቱ ጄሶ። አይንቀሳቀስ፣ አይንከባለል። ሴራሚኩ አይቶ «እቴቴ፣ አንቺ እኔ ጋ ሥራ ግቢ» አላት።

«ደሞዙ ስንት ነው?»

«እሱን ከጋሼ ኪራይ ላይ እናያለን።»

ተራውን ያወጡት ሁለቱም ናቸው፤ ጥፋቱን ለአንዱ መስጠት አይቻልም። መጀመሪያ ተራ ተራዎቹ፣ እጅ እንዲፍታታ። ከዚያ መካከለኞቹ። ከዚያ ጥሩዎቹ። ንግሥቲቱ መጨረሻ። ድንጋይ የለቀመ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ጥሩውን መጀመሪያ የሚቆርጥ የለም። «ባልተፈታ እጅህ ብታበላሻት አፈር አብልቼህ ነው የምሞተው» አለች ሚዛን። «ንግሥቲቱ ትቆይ።»

እሱም «ትቆይ» አለ።

ተራ ተራዎቹ ብዙ ነበሩ። ያ ሁሉ ዓመት አልጋ ሥር የተኛው ሲከፈት አንዳንዱ ውስጡ ጭቃ ነው። አንዳንዱ ተራ ድንጋይ። አንዳንዱ ግን ሆዱ ባዶ ሆኖ ውስጡ እንደ ስኳር የሚያብረቀርቅ፣ አንዳንዱ ቀለበት። ጠጠር አጥቦ ይሰጣታል፣ እሷ መስኮት ላይ ትወስደዋለች፣ ዓይኗ ሥር አስጠግታ ታየዋለች፣ ፍርድ ትሰጣለች። «ይሄ አስተማሪ ይመስላል።» «ይሄ የአከራያችን ጉሮሮ።» «ይሄን ላስኩት እኮ፣ አስታውሳለሁ፤ ዋሽቶኛል።» በዚያ ሰሞን ደስ ብሏቸው ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚያ ውሃ ጠፋ። ውሃ ከሌለ መጋዝ የለም። በጀሪካን የተገዛው ለመጠጥም አልበቃ። ውሃው ሲመጣ መብራት ሄደ። መብራት ሲመጣ የአከራይዋ የልብስ ቀን ሆነ። ጠጠር ዲስኩን ቢገፋው ኖሮ ሦስት ድንጋይ የሚቆረጥበት ሰዓት ላይ አንዱን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። ጥርሱን ነክሶ፣ ድንጋዩን ሳይሆን ራሱን እየጨበጠ። ማሽኑ «ዝዝዝ» ይላል፣ እሱ ውስጡ «ቶሎ፣ ቶሎ፣ ቶሎ» ይላል።

አንድ ጠዋት ቆንጆ ግማሽ ሰጣት። መስኮት ላይ ወሰደችው። ድንጋዩ አንድ ቦታ አለ፣ ዓይኗ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። እጇን ወዲያ ወዲህ አደረገች፤ የጠፋ ሬዲዮ ጣቢያ እንደሚፈልግ ሰው። አገኘችው። «ጥሩ ነው» አለች። ምን እንደሚመስል አልተናገረችም።

ጠጠር ወደ መስኮቱ ሄዶ ንግሥቲቱን አነሳ።

«የት ልትወስዳት ነው?»

«ዛሬ እሷን እንክፈታት።»

«ለምን ዛሬ?»

ጠጠር ድንጋይዋን በሸሚዙ ጠረገ።

«ሁለተኛው ጆንያ መች አለቀ?»

«ጆንያው የትም አይሄድ።»

«እኔስ የት ልሄድ ነው?» አለች ሚዛን። ድምጿ ከፍ አላለም። «አስቀምጣት።»

አስቀመጣት። ምን ይበል? ተራዋን ዘልሎ ንግሥቲቱን መቁረጥ ማለት «ጊዜ የለሽም» ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ ከዚያች ቃል ምላሱን ቢቆርጥ ይቀለዋል። ተራውን ጠብቆ መቁረጥ ማለት ደግሞ ዓይኗን እያየ ማባከን ነው። ሰው እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ ሳያብድ መዋሉ ራሱ ይገርማል።

አላበደም፤ ከዚያ ትንሽ የሚያንስ ነገር ነው ያደረገው። ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ሲወጣ የጃኬቱን ኪስ በድንጋይ ይሞላል። መንገድ ዳር ያለው ቦይ ጋ ሲደርስ እንደሚያስነጥስ ሰው ጎንበስ ብሎ ይጥላቸዋል። ዕድሜ ልኩን ከክሬሸር ጥርስ ያዳናቸውን ድንጋዮች። ጆንያው ቶሎ እንዲያልቅ። እየጣለ አያያቸውም፤ አንዱን ካየ ይመልሰዋል። የሰፈሩ ጥበቃ ሁለት ቀን አየውና በሦስተኛው፣ «አባት፣ ደህና ነህ?» አለው።

«ኪሴን እያራገፍኩ ነው።»

«ድንጋይ ነው እንዴ ያለው ኪስህ ውስጥ?»

«አንተስ ምን አለህ?» አለው ጠጠር፤ ጥበቃው የራሱን ኪስ ዳበሰ፣ እሱም ብዙ አልነበረውም።

የረሳው ነገር ሚስቱ ሚዛን መሆኗን ነው። አንድ ቀን ለጄሶ ድንጋይ ልታወጣ አልጋው ሥር ገባች፣ ጆንያውን ጎተተችው። እጇን ገታ አደረገች። እንደገና ጎተተችው።

«አንተ!»

«አቤት።»

«ይሄ ጆንያ ቀሏል።»

«ቆርጠን የለ?»

«የቆረጥነውን አውቃለሁ። ከቆረጥነው በላይ ቀሏል። የት አደረስካቸው?»

ጠጠር ሲያዝ አይከራከርም። «ቦይ ውስጥ» አለ።

«ድንጋዮቻችንን?»

«አዎ።»

«ለምን?»

ሚዛን ወለሉ ላይ እንደተቀመጠች ጆንያውን ይዛ ቆየች። ልትጮህ ነው ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህበት በወደደ። አልጮኸችም። እጇን ዘርግታ እግሩን ፈለገች፣ ቁርጭምጭሚቱን አገኘች፣ ያዘችው።

«ቆርቆሮ አምጣ» አለች። «ጄሶውን እኔ እበጠብጣለሁ።»

«ለየትኛው?»

«ለየትኛው ይላል እንዴ? ለሷ ነዋ፣ ደንቆሮ።»

ጄሶው ሲደርቅ ዋለ። በማግስቱ ልብስ የሚሰጣበት ቀን ነበር፤ ጠጠር ግድም አልሰጠው፣ መጋዙን አስነሳ። ዲስኩ ከአንድ በኩል መሀል ድረስ ብቻ ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ ግማሹን ቆርጦ አዙሮ ከሌላው በኩል መምጣት አለበት። ሁለቱ መስመር ካልተገናኙ ድንጋዩ መሀሉ ላይ ይሰበራል። ጠጠር አልገፋም። ውሃው ፊቱን እያጠበው፣ እጁ ደንዝዞ፣ ዲስኩ ሲፈልግ እንዲገባ ተወው። ሚዛን በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። ድምፁ ቀጠነ። ከዚያ ቀጭ አለና ንግሥቲቱ ለሁለት ተከፈለች።

ጠጠር አንዱን ግማሽ ባልዲ ውስጥ ነክሮ አወጣውና አየው።

ሰማያዊ ነበረች። እሱ ለቀለም ቃል የለውም፣ ግን ሰማያዊ ነበረች። ዳሯ ጠቆር ያለ፣ ወደ ውስጥ እየቀለለ፣ እየቀለለ፣ ቀለበቱ ፀጉር ከማከል ቀጥኖ፣ መሀሏ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ነጭ። ሮጦ ሄዶ ሚስቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠላት።

ሚዛን መስኮት ላይ ወሰደችው። ዓይኗ ሥር አስጠጋችው። «ውይ!» አለች። «ውይ፣ አየሃት? ቀይ ናት! አላልኩህም? ቀለበቷን እይ፣ ኧረ ቀለበቷን እይ!» በጣቷ ክብ እየሠራች አሳየችው።

ጠጠር አየ። ጣቷ የሚዞረው ነጩ ጄሶ ላይ ነበር። በችኮላው ገልብጦ ነው የሰጣት። ሁለቱም ፊት ርጥብ፣ ሁለቱም ልስልስ፤ ለጣት ልዩነት የለውም። የተቆረጠው ፊት ወደ ታች፣ መዳፏ ውስጥ ተደፍቷል።

«ዝም አልክ እኮ» አለች።

«ቀይ ናት» አለ ጠጠር።

«አላልኩህም?»

«ብለሻል።»

በዚህ መሀል አከራይዋ ደረሱ። በአንድ እጃቸው የተረጨ ሸሚዝ፣ ፊታቸው ለጦርነት የተዘጋጀ። «የልብስ ቀኔ ነው አላልኩም?» ብለው ገቡና ሚዛንን አዩ። ነጭ ጄሶ ዓይኗ ላይ ለጥፋ ትስቃለች። «አንቺ፣ ምን...» ብለው እጃቸውን ወደ ድንጋዩ ዘረጉ። ጠጠር አያቸው። ምንም አላደረገም፣ አልጠቀሰም፣ ራሱን አልነቀነቀም፤ አያቸው ብቻ። ሴትዮዋ ሚዛንን አዩ፣ ጄሶውን አዩ፣ በእጇ ስትዳስሰው የኖረችውን ግድግዳ አዩ። በዚያ ግቢ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አፋቸው የጀመረውን ሳይጨርስ ተዘጋ።

«እዩልኝ፣ እትዬ!» አለች ሚዛን ጄሶውን ወደ ድምፁ እያዞረች። «ለዚች ነው ያ ሁሉ ጭቃ። አታምርም?»

«ታምራለች» አሉ አከራይዋ። «እንዲህ ያለ ቀይ... አላየሁም።» ሸሚዙን ከኋላቸው ደብቀው ወጡ።

ጠጠር ድንጋዩን ከእጇ ወስዶ «ልጠብልሽ» ብሎ ገለበጠው፤ መልሶ ሲሰጣት ሰማያዊው ወደ ላይ ነበር። ደግማ ግን ወደ መስኮቱ አልወሰደችውም። ጭኗ ላይ አድርጋ በመዳፏ ከደነችው።

ቅዳሜ ሴራሚኩ መጣ። መጋዙን አየ፣ ዲስኩን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ ዲስኩ አልቋል። ትልቋንም ቆርጣችኋል አሉ። ልውሰደው በቃ፣ ሥራ አለብኝ።»

ጠጠር «ውሰደው» ሊል ነበር። ደክሞታል፤ ከዚህ በኋላ ለማን ነው የሚቆረጠው? ከውስጥ የሚዛን ድምፅ መጣ።

«ምን ይወስዳል? ገና አንድ ጆንያ ተኩል አለን! ዲስኩን ይቀይርና ይተወው!»

ሴራሚኩ ጠጠርን አየው። «ገና ነው እንዴ?»

ጠጠር በሩን አየ። በሩ ላይ ሚዛን ጄሶ የነካው እጇን መቃኑ ላይ አድርጋ ቆማለች፤ ፊቷ ወደ እነሱ ነው፣ ዓይኗ ግን ከሴራሚኩ ትከሻ አለፍ ብሎ ማንም የሌለበት ቦታ ላይ።

«ገና ነው» አለ ጠጠር።

እጁን ኪሱ ከቶ ብሩን አወጣ። ያለፈውን ሳምንት ከፈለ፣ የአዲሱን ዲስክ ከፈለ፣ የሚመጣውን ሳምንት ቀድሞ ከፈለ።